ሣጥን ውስጥ የቀረ ታሪክ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ተረቱን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለኖርን እውነትነቱን የምንመረምር ብዙዎች አይደለንም። እኔ ግን ተረቱ የነገሩን ግማሽ ብቻ የተናገረ ይመስለኛል። የተጻፈ ሁሉ አይወረስም። የሚወረሰው ተጽፎ የተቀመጠ፣ ተቀምጦም የሚፈልገው ሰው ያገኘው ብቻ ነው። ስንቱ ጽሑፍ ምስጥ በልቶታል! ስንቱስ የስኳርና የቡና መጠቅለያ ሆኖ ከሱቅ ወጥቷል!

የምናገረው ስለ ብራና መጻሕፍት አይደለም። እነርሱ ገዳምና ደብር አላቸው፤ ተመራማሪም አላጡም። የምናገረው ስለ ተራው ሰው ወረቀት ነው። ስለ ደብዳቤ፣ ስለ ዕለት ማስታወሻ፣ ስለ ብድርና ውል ወረቀት፣ ጀርባው ላይ ቀንና ስም ስለ ተጻፈበት ፎቶግራፍ። የመንግሥት መዝገብ ሹሙ ያዘዘውን ይነግረናል። ትእዛዙ ቤት ደርሶ ምን እንዳደረገ የሚነግረን ግን የግል ወረቀት ነው።

ይህንን ጉዳይ ገና ዱሮ የተረዱ ሕዝቦች አሉ። ከነዚህ አንዱ በብሪታኒያ ደሴት ምዕራብ የሚኖረው የዌልስ ሕዝብ ነው። ቁጥሩ ከሦስት ሚሊዮን ብዙም አይርቅም፤ ቋንቋውም በእንግሊዝኛ ጥላ ሥር ሲታገል የኖረ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1907 አበሪስትዊዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የራሱን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አቋቋመ። እዚያ የመኳንንቱ ሰነድ ብቻ አይደለም ያለው። የገበሬ ማስታወሻ አለ፤ የሰባኪ ደብተር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1865 በመርከብ ወደ አርጀንቲና ፓታጎኒያ ከተሰደዱት ቤተሰቦች የመጣ ደብዳቤም አለ። «ዛሬ ዘነበ፣ ድርቆሹ ረጠበ» ብሎ የጻፈ ገበሬ ለታሪክ እጽፋለሁ ብሎ አላሰበም። ዛሬ ግን የአየር ጠባይን ለውጥ የሚያጠኑ ሰዎች የእንዲህ ያለውን ሰው ደብተር ይገልጣሉ።

አንባቢ «ዌልስና እኛን ምን አገናኘን?» ሊል ይችላል። መቅደላ አገናኝታናለች። እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ ድረስ ከዘለቁት ጋዜጠኞች አንዱ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ የተባለው የኒውዮርክ ሄራልድ ወኪል ነበር። ይህ ሰው አሜሪካዊ ነኝ ይበል እንጂ ትውልዱ ዌልስ፣ ዴንቢ ከተማ ነው፤ የልደት ስሙም ጆን ሮውላንድስ ነበር። በድሆች መጠለያ አደገና ስሙንም አገሩንም ለወጠ። የመቅደላን መውደቅ ለዓለም ቀድሞ ያሰማው እርሱ ነው፤ ስዊዝ ላይ የቴሌግራፍ ሠራተኛውን በገንዘብ አባብሎ ወሬውን ከሌሎቹ በፊት እንዳስተላለፈ ይነገራል። ስለዚሁ ዘመቻ የጻፈው መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1874 ታተመ።

የስታንሊ የግል ወረቀቶች ዛሬ ያሉት በትውልድ አገሩ አይደለም። ቤልጅግ ውስጥ ብራስልስ አጠገብ፣ ተርቩረን በሚገኘው የመካከለኛው አፍሪካ ሙዚየም ነው የሚገኙት። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቲም ጂል እነዚህን ወረቀቶች ሲመረምር አንድ ነገር አስተዋለ። ስታንሊ ሊቪንግስተንን ያገኘበትን ዕለት የሚተርከው የማስታወሻው ገጽ ተቀዶ ወጥቷል። በመላው ዓለም የታወቀው ያ የሰላምታ ቃል በእርግጥ ተነግሮ እንደሆነ ጂል የተጠራጠረው ከዚህ በመነሣት ነው። እንግዲህ የግል ወረቀት ሁልጊዜ እውነት ይናገራል ማለት አይቻልም፤ ሰው በማስታወሻውም ይዋሻል። ነገር ግን የታተመው መጽሐፍ የሸፈነውን የተቀደደው ገጽ ያሳብቃል። ደብተሩ ባይቀመጥ ኖሮ ቅዳዱም አይታይም ነበር።

ስታንሊ ማስታወሻውን ይዞ ከመቅደላ ሲወርድ፣ የዚያው ጦር መኮንኖች ከቤተሰቡ የተለየ አንድ ሕፃን ይዘው ወረዱ። ሕፃኑ ኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ በፈረንጅ ስማቸው ዶክተር ቻርልስ ማርቲን የተባሉት ሰው ናቸው። ሕንድ አገር አድገው፣ ሕክምና ተምረው፣ በጉልምስናቸው ወደ አገራቸው ተመልሰው ዘመዶቻቸውን አገኙ። ከዚያም የአርሲ ጎረቤት በሆነው በጨርጨር አገር ገዥ ሆኑ፤ በጠላት ወረራ ዋዜማ ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። እኒህ ሰው ለረጅም ዘመን በእንግሊዝኛ የዕለት ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። ፒተር ጋረትሰን የተባለው የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው ሰፊ የሕይወት ታሪካቸው በዚሁ ማስታወሻ ላይ የቆመ ነው። ማስታወሻው የእሳት እራት ሆኖ ቢሆን ሐኪም ወርቅነህን የምናውቃቸው በሹመታቸውና በስማቸው ብቻ በሆነ ነበር።

ሌሎችም አሉ። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ፣ የብላታ መርስኤ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ትዝታ፣ የልዑል ራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው»፣ ሦስቱም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትመው ለንባብ የበቁት ጸሐፊዎቻቸው ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ፊታውራሪ ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ሲሆን መጽሐፋቸው የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት አለ። በነዚያ ዓመታት አገሪቱ ላይ የወረደውን ለሚያስታውስ፣ ረቂቁ መትረፉ ራሱ የሚደንቅ ነው። ያተረፈው ሌላ ምንም ሳይሆን «ይህ አይጣልም» ያለ ሰው ነው።

እነዚህ ግን ሹማምንትና ሊቃውንት ናቸው፤ ስማቸው ወረቀታቸውን ጠብቆላቸዋል። ወደ አርሲ ደጋ ስንሻገር ነገሩ ይለያል።

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከአሰላ እስከ በቆጂ ስለ ተዘረጋው አገር ባለፈው መቶ ሃምሳ ዓመት የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ችግሩ የጻፈው ማነው የሚለው ላይ ነው። የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሸዋ ውስጥ፣ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ጣቢያ ነበረው። በዚያ የነበረው ሐኪም ሊዮፖልዶ ትራቬርሲ ወደ አርሲና ወደ ጉራጌ ስላደረገው ጉዞ የጻፋቸው ደብዳቤዎች እ.ኤ.አ. በ1887 በማኅበሩ መጽሔት ወጡ። የምኒልክ ዘመቻ ገና ትኩስ በነበረበት ጊዜ መጻፋቸው ዋጋቸውን ከፍ ያደርገዋል። ዳሩ ግን ጸሐፊው የምኒልክ እንግዳ ነበር፤ አገሩን ያየው ከሠፈሩ በኩል ሆኖ ነው።

ከርሱ በኋላ አዳኞች መጡ። የደጋ አጋዘን የምንለውን አውሬ የአርሲና የባሌ ሰው ከጥንት ያውቀዋል። በሳይንስ መዝገብ ሲገባ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1910፣ የተሰጠው ስም የአዳኙ የባክስተን ስም ነው። አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀርም እ.ኤ.አ. በ1933 ወደ አፋር በረሃ ከመውረዱ በፊት በአርሲ ተራሮች ተጉዟል። የእናቱ ቤት በዌልስ ድንበር፣ ራድነርሸር ውስጥ ነበር። የዚያ ዘመን ማስታወሻው እ.ኤ.አ. በ1996 ታትሟል፤ ያነሣቸው በሺሕ የሚቆጠሩ ፎቶግራፎችም ኦክስፎርድ፣ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጠዋል። የርሱ በቅሎ ነጂዎችና መንገድ መሪዎች ስለርሱ ምን ብለው ይሆን? እነርሱ አልጻፉም፤ የጻፈላቸውም የለም።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1967 የስዊድንና የኢትዮጵያ መንግሥታት ተስማምተው አሰላ ላይ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን አቆሙ። አገሬው «ካዱ» የሚለው ነው። ማዳበሪያ፣ ምርጥ የስንዴ ዘር፣ የተዳቀለች ጊደር፣ ብድር፣ ይህ ሁሉ ገበሬው ደጃፍ ደረሰ። የቁሉምሳ እርሻም በዚህ ታወቀ። ስንዴው ሲያፈራ ግን መሬቱ ተወደደ፤ ባለ መሬቱ በትራክተር ራሱ ማረስ ጀመረ፤ ብዙ ጭሰኛ ተነቀለ። ጆን ኮኸንን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ይህንን በጊዜው ጽፈውታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሲደርስ ጭሰኛው ከየት ወዴት እንደሄደ የሚናገር የራሱ ወረቀት ግን እምብዛም አይገኝም። ኤክስፐርቱ ሪፖርት ጻፈ፤ ተነቃዩ ከብቱን ነድቶ ሄደ።

አሰላ በሄድኩበት አንድ ወቅት በዚያ ዘመን የልማት ሠራተኛ ከነበሩ አዛውንት ቤት ገብቼ ነበር። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቁኝ አልጽፍም። ከአልጋ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አውጥተው አራት ትንንሽ የኪስ ደብተሮች አሳዩኝ። የዝናብ ልክ፣ የውርጭ ቀን፣ የከብት በሽታ፣ ማዳበሪያ የወሰዱ ገበሬዎች ስም በእርሳስ ተጽፎባቸዋል። አንድ ገጽ ላይ ከአሥራ አንድ ስም አራቱ ተሰርዘዋል፤ በያንዳንዱ ስርዝ ጎን «ለቀቀ» የሚል ቃል አለ።

«ጋሼ፣ ለቀቀ ማለት ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ትራክተር ገባ ማለት ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

«ደብተሮቹ አራት ብቻ ነበሩ?»

«የት አራት ብቻ! አሥር ይሆኑ ነበር። በስድሳ ዘጠኝ አሰሳ ሲመጣ ባለቤቴ ምጣድ ሥር ማገደቻቸው። ስም ያለበት ወረቀት ያስገድል ነበር።»

ባለቤታቸው ትክክል ነበሩ። ያን ዘመን ያየ ሰው አይፈርድባቸውም። በየከተማው ደብዳቤና ፎቶግራፍ ያቃጠለ፣ መጽሐፍ ጉድጓድ ቆፍሮ የቀበረ ቤተሰብ ስፍር ቁጥር የለውም። እኔን ያስጨነቀኝ የተቃጠለው ሳይሆን የተረፈው ነው። ልጆቻቸው ሌላ ከተማ ናቸው፤ ሣጥኑ ምን እንደያዘ አያውቁም። ነገ ቤቱ ሲሸጥ ሣጥኑ ወዴት ይሄዳል?

ነገሩ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላስቸገርኩ። የወረቀት እጦት ዛሬም ደም የሚያፈላ ክርክር ውስጥ ከቶናል። በ1878 ዓ.ም. የራስ ዳርጌ ጦር አዙሌ ላይ የአርሲን ሠራዊት ድል ነሣ። ከዚያ በኋላ አኖሌ ላይ እጅና ጡት ተቆረጠ ሲል የአርሲ ሕዝብ ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሰው ኖሯል። በ2006 ዓ.ም. እዚያው ሄጦሳ ወረዳ የመታሰቢያ ሐውልት ሲቆም አገር ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ሰነድ የት አለ?» ይላል፤ ሌላው «የአያቴ ቃል ሰነድ ነው» ይላል።

በእኔ እምነት ሁለቱም ቆም ብለው ማሰብ ያለባቸው ነገር አለ። «ሰነድ አምጡ» የሚለው ሰው፣ በዚያ ዘመን ብዕርና ቀለም በማን እጅ እንደነበረ ይጠይቅ። ዜና መዋዕል የሚጽፈው የአሸናፊው ጸሐፊ ነው፤ ተሸናፊው የሚጽፍበት ፊደል አልያዘም። የወረቀት ዝምታ ነገሩ አልሆነም ማለት አይደለም። የአያቱን ቃል የያዘው ደግሞ ያ ቃል ከተናጋሪው ጋር እንደሚያልፍ፣ ሲተላለፍም መልኩን እንደሚለውጥ ይወቅ። ስለዚህ ማን እንደተናገረ፣ ከማን እንደሰማ፣ የት ቀበሌና የየትኛው ጎሳ ሰው እንደሆነ በቋንቋው ይመዝገብ። አባስ ሐጂን የመሰሉ የታሪክ ምሁራን የአርሲን ታሪክ ሲጽፉ ቃልንና ወረቀትን ጎን ለጎን ማስቀመጣቸው ለዚህ ነው። ቃልን ያለ ወረቀት፣ ወረቀትንም ያለ ቃል የያዘ ሰው የሚከራከረው በግማሽ ማስረጃ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቦታው የለም ማለት አንችልም። ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ስለ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትም አዋጅ ቁጥር 179/1991 ወጥቷል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ስድስት ኪሎ ይገኛል። አሰላም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። የጎደለው ከሣጥኑ እስከ መደርደሪያው የሚያደርሰው መንገድ ነው። ተማሪዎች በመመረቂያ ጽሑፋቸው የገዛ ቀበሌያቸውን አዛውንት ሣጥን ቢያስከፍቱ፣ ባለቤቱ ወረቀቱን መስጠት ቢፈራ ኮፒ ተደርጎ ቢመለስለት፣ ምሥጢር አለው ቢል «እኔ ካለፍኩ ከሃያ ዓመት በኋላ ይከፈት» የሚል ቃል ቢያዝለት፣ መንገዱ ይጠረጋል። በሌላው ዓለም ቤተ መዛግብት ከቤተሰብ ጋር የሚስማሙት እንዲሁ ነው። ሌላም አለ፤ በአሮሚኛም ሆነ በአማርኛ፣ በዐረብኛ ፊደልም የተጻፈ ቢሆን እኩል ዋጋ ይሰጠው። የሸኹ ደብተር ከመምሬ ደብተር፣ የጭሰኛው የውል ወረቀትም ከባለ መሬቱ ካርታ አያንስም።

ቤተሰብም የድርሻውን ያድርግ። ፎቶግራፉን ገልብጦ ስምና ዓመት በእርሳስ መጻፍ፣ ደብዳቤውን ከነፖስታው ማስቀመጥ፣ ሣጥኑን ከእርጥብ ወለል ማንሣት ገንዘብ አይጠይቅም። አርሲን በትራቬርሲ ደብዳቤና በቴሲጀር ማስታወሻ ስናነብ ኖረናል፤ ይህን ለመለወጥ ያለን ጊዜ እነዚያ በእርሳስ የተጻፉ ስሞች እስኪጠፉ ድረስ ነው።