የሌላውን ጭነት የሚያውቅ ነጋዴ

በ1872 መጀመሪያ ላይ (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው) ድፍድፍ ነዳጅ በሚወጣባቸው የፔንሲልቬንያ ከተሞች አንድ ወሬ ተሰማ። የባቡር ጭነት ዋጋ በእጥፍ ገደማ ሊጨምር ነው፤ ለሁሉም ግን አይደለም።

ነገሩ ሲጣራ ሦስት ትልልቅ የባቡር ድርጅቶች "ሳውዝ ኢምፕሩቭመንት ካምፓኒ" ከተባለ ማኅበር ጋር በምስጢር ተዋውለው ተገኙ። ከአባላቱ አንዱ በክሊቭላንድ ከተማ የላምባ ማጣሪያ የነበረው ጆን ሮክፌለር ነው። አባላቱ የጭነት ቅናሽ ያገኛሉ። ተፎካካሪዎቻቸው ከሚከፍሉት የጭነት ዋጋ ላይም ድርሻ ይደርሳቸዋል። ሰው ብዙ የሚያወራው ስለ እነዚህ ሁለቱ ነው። እኛን ይበልጥ የሚያስገርመን ግን ሦስተኛው ነው፦ ማን፣ ምን ያህል፣ ወዴት እንደጫነ ባቡሮቹ ለማኅበሩ እንዲያሳውቁ ተስማምተዋል። መንገዱን የያዘው ክፍል የአንዱን ነጋዴ ምስጢር ለሌላው ነጋዴ ያቀብላል ማለት ነው።

ነዳጅ አውጪዎቹ አድመው አንሸጥም ስላሉ ውሉ ሥራ ላይ ሳይውል ፈረሰ። ሮክፌለር ግን በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከክሊቭላንድ 26 ማጣሪያዎች 22ቱን ጠቅልሎ ነበር። ከተጎዱት ነዳጅ አውጪዎች የአንዱ ልጅ አይዳ ታርቤል አድጋ ጋዜጠኛ ሆነች፤ ከ1902 ጀምሮም የስታንዳርድ ኦይልን ታሪክ በመጽሔት በተከታታይ አወጣችው። በ1890 የወጣው የሸርማን ሕግ በመጨረሻ ሥራውን ሠርቶ፣ በ1911 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኩባንያው 34 ቦታ እንዲከፋፈል ወሰነ። ከውሉ 39 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

ጉዳዩ ለእኛ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲራራ ነጋዴዎችን ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትን ከልክለዋል። ዑለሞች ሲያብራሩት፣ ከሩቅ የመጣው ሰው የገበያውን ዋጋ ስለማያውቅ ይታለላል ይላሉ። ከባቡሩ ውል ጋር አንድ ነው አንልም። በሁለቱም በኩል ግን አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አለማወቁ ነው ትርፍ የሚሆነው።

አሁን መንገዱ ስልካችን ውስጥ ገብቷል። አማዞን ለሌሎች ነጋዴዎች ገበያ ያከራያል፤ እዚያው ገበያ ላይ ራሱም ይሸጣል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2020 ባቀረበው ክስ፣ ኩባንያው የተከራዮቹን የትእዛዝና የሽያጭ መረጃ ለራሱ ንግድ ይጠቀምበታል አለ። በ2022 መጨረሻ አማዞን ይህን ላለማድረግ ግዴታ ገብቶ ጉዳዩ ያለ ቅጣት ተዘጋ። በዚያው ዓመት የጸደቀው የአውሮፓ የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ክልከላውን በግልጽ አሰፈረው። ሕጉ "በር ጠባቂ" ብሎ በሴፕቴምበር 2023 የሰየማቸው አልፋቤት፣ አማዞን፣ አፕል፣ ባይትዳንስ፣ ሜታና ማይክሮሶፍት ናቸው። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ የጣሰ ኩባንያ በዓለም ዙሪያ ከሚያገኘው ዓመታዊ ገቢ እስከ 10 በመቶ ሊቀጣ ይችላል። ሕጉ ከተከሳሽ ጀርባ እየሮጠ 39 ዓመት ከመጠበቅ አስቀድሞ ክልክሉን መናገሩ ትልቅ ለውጥ ነው ብለን እናምናለን።

ሕጉ የሚሠራው ግን አውሮፓ ላሉ ተጠቃሚዎች ነው። አዲስ አበባ፣ ጅማ ወይም ደሴ ሆናችሁ በፌስቡክና በቲክቶክ ልብስና ሽቶ የምትሸጡ ወጣቶችም የምትገቡት በእነዚሁ ኩባንያዎች በር ነው። ማን እንደጠየቃችሁ፣ የትኛው ዕቃ በስንት ሰዓት እንደሚታይ፣ የቱ ማስታወቂያ እንደሠራላችሁ እነሱ ዘንድ ተመዝግቦ ይቀመጣል። የብራስልሱ ክልከላ እናንተ ዘንድ አይደርስም።