ጢስ ዓባይ እንደ ታሪክ ምስክር



ሐረር ላይ ቆሞ ስለ ጢስ ዓባይ መናገር መንገድ የሳተ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ጀሪካን ይዞ ለተሰለፈ ሰው የጎደለ ውሃ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም።

ጢስ ዓባይን መጀመሪያ ያየሁት ተማሪ ሳለሁ፣ በመስከረም ነው። ከባሕር ዳር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ ጥንታዊውን የአላታ ድልድይ በእግር ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ ድምፁ ቀድሞን ደረሰ። ልብሳችን በጢሱ ራሰ። ኪሴ ውስጥ የነበረው የአንድ ብር ኖትም ጀርባው ላይ ያንኑ ፏፏቴ ይዞ ነበር።

ሁለተኛው ጉዞዬ በ2005 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነበር። ዳገቱ ያው ነው፤ ድምፁ ግን የለም። አርባ ሜትር ከሚያልፈው ገደል የሚወርደው ቀጭን ጅረት ነበር። አንድ የመንደሩ ልጅ እየመራ ወሰደኝና ከወራጁ ኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የመጣው የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ከውሃው ቅስት ሥር መቀመጡን ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1770 ፏፏቴውን ያየው ጄምስ ብሩስ ግን ይህ ፈጽሞ አይቻልም ብሎ ሎቦን ሐሰተኛ አደረገው። (ብሩስ ከእርሱ በፊት የደረሱትን ማመስገን አይሆንለትም ነበር።) ብሩስ የደረሰው ዝናብ ወንዙን ከሞላው በኋላ ነው። ስለዚህ ለተማሪዎቼ፣ ምስክርን ከመክሰሳችሁ በፊት ወቅቱን ጠይቁ እል ነበር።

ታዲያ የእኔ መቀመጥ ለሎቦ ማስረጃ ይሆናልን? አይሆንም። እኔ ያየሁት ወንዝ የሎቦ ወንዝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ስለነበር የሚወስደው ውሃ ጥቂት ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጨራጨራ ግድብ የጣናን መውጫ በበር መቆጣጠር ጀመረ። በ2001 የተጨመረው 73 ሜጋ ዋት ጣቢያ ውሃውን ከፏፏቴው በላይ ጠልፎ ከታች ይመልሰዋል። በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል፤ ያ ውሃ ገደሉን ጭራሽ አያየውም።

መሐንዲሶቹን አልከስም፤ ይህ አዳራሽም የበራው በመብራት ኃይል ነው። የእኔ ቅሬታ የታሪክ ባለሙያ ቅሬታ ነው፤ ሰነድ ሲቃጠል የምንጮኸውን ያህል ለወንዙ አልጮኽንም።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ወደ አላታ ውረዱ፤ የበጋውን ፏፏቴ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። እኔን ያነጋገሩኝ አንድ አዛውንት፣ በጥር እንኳ ድምፁ ቤታቸው ድረስ ይሰማ እንደነበር ነገሩኝ። ቤታቸው ከገደሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ሳልለካ ተመለስሁ።