ፋብሪስ ቤላር

ፋብሪስ ቤላር (በ1972 እ.ኤ.አ. በግረኖብል ከተማ የተወለደ) ፈረንሳዊ የኮምፒዩተር ፕሮግራመር ነው። ኪውኢሙ የተባለውን ኢሙሌተርና ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለውን የድምፅና የቪዲዮ ማቀነባበሪያ ሶፍትዌር የጀመረው እሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ሥራዎች

ቤላር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ኤልዜድኤክስ የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። ይህ ፕሮግራም የዶስ ፕሮግራሞችን ጨምቆ ያሳንሳል፤ የተጨመቀው ፋይል ሲከፈት ራሱን ሜሞሪ ውስጥ ዘርግቶ ይሠራል። ኋላ ፓሪስ አጠገብ በሚገኘው ኤኮል ፖሊቴክኒክ ተማረ። በ1997 የፓይን የሁለትዮሽ አሃዞች፣ ከፊት ያሉትን ሳያሰሉ፣ ለማግኘት የሚረዳ ቀመር አወጣ። ቀመሩ በስሙ ይጠራል። ኤፍኤፍኤምፔግን የጀመረው በ2000 ሲሆን ዛሬ ቪኤልሲን የመሳሰሉ ማጫወቻዎች ይጠቀሙበታል።

ኪውኢሙ

በ2003 ይፋ የሆነው ኪውኢሙ አንዱ ኮምፒዩተር እንደ ሌላ ዓይነት ኮምፒዩተር ሆኖ እንዲሠራ ያደርጋል። እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ቤተሰብ የራሱ የማሽን ቋንቋ ስላለው፣ ለስልክ ኤአርኤም ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ፕሮግራም በኢንቴል ላፕቶፕ ላይ በቀጥታ አይሠራም። ቀላሉ መፍትሔ ትዕዛዞቹን አንድ በአንድ እያነበቡ ማስመሰል ነው፤ ነገር ግን ያው ትዕዛዝ ሺህ ጊዜ ሲደገም ሺህ ጊዜ እንደ አዲስ ስለሚነበብ እጅግ ይዘገያል። ኪውኢሙ ተከታታይ ትዕዛዞችን በጥቅል ተርጉሞ ሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ጥቅሉ ዳግመኛ ሲመጣ የተዘጋጀውን ያሠራል።

ይህን ዘዴ የጀመረው ቤላር አይደለም። የእሱ ብልሃት ሌላ ነበር። ተርጓሚውን ለየፕሮሰሰሩ በእጅ መጻፍ አድካሚ ስለሆነ፣ ትዕዛዞቹን ወደ በጣም ትናንሽ ክንውኖች ከፋፍሎ እያንዳንዱን በሲ ቋንቋ አጭር ፈንክሽን አድርጎ ጻፈው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር እነዚህን አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጣቸዋል፤ ኪውኢሙ በሥራ ላይ ሳለ ቁርጥራጮቹን ገልብጦ ይቀጣጥላቸዋል። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ወደ ሌላ ፕሮሰሰር ማሻገር ቀላል ሆነ። ብልሃቱ ግን ዕዳም ነበረው፦ አዲስ የጂሲሲ እትም ወጥቶ የሚያመነጨው ኮድ ቅርጹን ሲቀይር ኪውኢሙ ይበላሽ ነበር። በ2008 ዘዴው ቤላር ራሱ በጻፈው ቲሲጂ በተባለ ኮድ አመንጪ ተተካ።

ቤላር ከዚያ በኋላ ከፕሮጀክቱ ቢርቅም ኪውኢሙ አልቆመም። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሌሎች ተረክበው አሳድገውታል። ዛሬ በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ከኬቪኤም ጋር ተጣምሮ ምናባዊ ኮምፒዩተሮችን ያስተዳድራል። የአንድሮይድ ኢሙሌተርም የተሠራው በእሱ ላይ ስለሆነ፣ ስልክ ሳይኖረው አፕ የሚሞክር ተማሪ ሳያውቀው የቤላርን ሥራ ይጠቀማል።

ሌሎች ሥራዎች

በ2001 ሆን ተብሎ ለማንበብ የሚያስቸግር የሲ ኮድ በሚቀርብበት ዓለም አቀፍ ውድድር ያሸነፈበት ትንሽ ኮምፓይለር ቲሲሲ ለተባለው ፈጣን ኮምፓይለር መነሻ ሆነ። በ2009 መጨረሻ ፓይን እስከ 2.7 ትሪሊዮን ገደማ አሃዝ አስልቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። የቀደመው ክብረ ወሰን በሱፐርኮምፒዩተር የተገኘ ሲሆን ቤላር የተጠቀመው አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ነው፤ ማረጋገጡን ጨምሮ 131 ቀን ፈጅቶበታል። በ2011 ሊኑክስን በድረ ገጽ ማሰሻ ውስጥ የሚያስነሳ ጄኤስሊኑክስ የተባለ ኢሙሌተር በጃቫስክሪፕት ጻፈ። ቀጥሎም አማሪሶፍት የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ ኩባንያው ተራ ኮምፒዩተርን የሞባይል ኔትወርክ ጣቢያ የሚያደርግ ሶፍትዌር ይሠራል። በ2019 ከቻርሊ ጎርደን ጋር ኩዊክጄኤስ የተባለውን አነስተኛ የጃቫስክሪፕት ሞተር አወጣ።