ያለፈ ደዌ በደም ሲመረመር

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሶ በአዲ አርቃይ ገጠር ያደረ መንገደኛ፣ ዶሮ ከቤተ ሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በቆጥ ላይ ስታድር ያያል፤ የዶሮዋም ባለቤት ብዙውን ጊዜ እማወራዋ ስለ ሆነች፣ ጨውና ጋዝ የሚሸመተው ከእንቁላሉ ዋጋ ነው። ዶሮዎቹ በጥቂት ቀን ሲያልቁ «ፈንግል ገባ» ይባላል፤ ያን ሰሞን ሰው ቢያተኩሰው ደግሞ ጉንፋን ወይም ምች ነው ተብሎ ይታለፋል። ፍርዱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሌላ ደዌ በዚያው ስም ተከልሎ ቢያልፍ፣ ኋላ ሊመሰክር የሚችለው ደም ብቻ ነው።

ያለፈን ደዌ በደም የመመርመር ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከ1960 እስከ 1962 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በደቡብ ምዕራብ ቢጫ ወባ ተነሥቶ ወደ 30 ሺህ ሰው እንደ ፈጀ በተገመተ ጊዜ፣ ሻርል ሴሪዬና የአዲስ አበባው የፓስተር ኢንስቲትዩት ባልደረቦቹ የመንደርተኛውን ደም እየመረመሩ የመቅሠፍቱን ዳርቻ ለማወቅ ደክመዋል።

ወደ ዶሮው ነገር ስመለስ፣ የወፍ ጉንፋን ናይጄሪያና ግብፅ በገባበት በ2006 በጉራጌ፣ በጉብሬ የዶሮ ማርቢያ ብዙ ዶሮ ሞተ። ምርመራው ያ ደዌ አለመሆኑን ቢያስረዳም ወሬው ቀድሞ ገበያ ወጥቶ ነበርና የዶሮ ዋጋ ወደቀ፤ ዕዳውን የከፈለችው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ያችው እማወራ ናት።

በካምቦዲያ ግን ደዌው በእርግጥ ሰው ገደለ። በ2005 በካምፖት አንድ ሰው ከሞተ በኋላ የ351 ነዋሪዎች ደም ተቀዳ። እንዲህ ያለው ምርመራ ከሚደረግባቸው መንገዶች በአንዱ፣ ደሙ ከረጋ በኋላ ከላይ የሚጠልለው ሴረም ተለይቶ፣ ጥቃቅን ጉድጓድ ባለው ሰሌዳ ላይ ከቫይረሱ ጋር ይቀላቀልና የፈረስ ቀይ የደም ሕዋስ ይጨመርበታል፤ ቫይረሱ የሚከለክለው ካጣ ሕዋሱን አያይዞ ያንሳፍፈዋል፤ በሴረሙ ውስጥ የቀድሞ ልክፈት ያስቀረው ፀረ አካል ካለ ግን ሕዋሱ ወርዶ ከጉድጓዱ ሥር እንደ ቀይ አዝራር ይቀመጣል። የካምፖት ሰዎች ብዙዎቹ የታመመና የሞተ ዶሮ በእጃቸው የነኩ ሲሆኑ፣ የቀድሞ ልክፈት ምልክት የተገኘበት አንድ ስንኳ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ደሙን የሚሰጥ የተረፈው ነው፤ የሞተው አይጠየቅም። ስለዚህ እኔ ከቤተ ሙከራው ይልቅ የዳባት ወረዳን መዝገብ አደንቃለሁ፤ በዚያ ከ1996 ጀምሮ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በጎንደር የሕክምና ኮሌጅ አማካይነት፣ መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትንና ሞትን ይጽፋሉ፤ ሰው ሲሞትም ዘመዶቹን ስለ ሕመሙ ጠይቀው የሞቱ ምክንያት እንዲታወቅ ያደርጋሉ።