ጭስን ለዳኛ ያቀረበው ካርድ

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይባላል። የከተማ ጭስን በተመለከተ ግን የዓይን ምስክርነት ለፍርድ ሳይበቃ ብዙ ዘመን አልፏል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ የኢንዱስትሪ ከተሞች ነዋሪው የድንጋይ ከሰል ጭስ ልብሱን እያጠቆረ፣ ደረቱን እያፈነ ቢያስቸግረውና አቤት ቢል፣ ባለፋብሪካው «ጭሱ ቀላል ነው» ማለት ይችል ነበር። ከሁለቱ እውነተኛውን የሚለይ ሚዛን አልነበረም።

ለዚህ መላ ያበጁት ፈረንሳዊው የእርሻ ምሕንድስና ሊቅ ማክሲሚልየን ሪንግልማን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1888 ያዘጋጁት መለኪያ ከወረቀትና ከቀለም የተሠራ ነው። በነጭ ካርዶች ላይ ጥቁር መስመሮች ቁልቁልና አግድም ተሰምረዋል፤ መስመሮቹ በወፈሩ ቁጥር ካርዱ ይጠቁራል። ዜሮ ቁጥር ንጹሕ ነጭ፣ አንድ ቁጥር 20 በመቶ ጥቁር፣ ሁለት ቁጥር 40 በመቶ እያለ አምስት ቁጥር ላይ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ይሆናል። ካርዶቹ ከተመልካቹ 15 ሜትር ያህል ርቀው ሲሰቀሉ መስመሮቹ ተዋሕደው ግራጫ መስለው ይታያሉ። ተመልካቹም አንዴ የጭስ ማውጫውን አንዴ ካርዶቹን እያየ፣ የሚመሳሰለውን ቁጥር ከነሰዓቱ ይመዘግባል።

ካርዱ በ1897 ለአሜሪካ መሐንዲሶች ተዋወቀ። በ1910 ለቦስተን የወጣው የጭስ ሕግም በመለኪያነት ተቀበለው። ክርክሩ «ጠቁሯል፣ አልጠቆረም» ከሚለው ወጥቶ «ስንት ቁጥር ነው? ለስንት ደቂቃ?» ወደሚል ተለወጠ።

ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሎንዶን ግን ዘግይታለች። ቀደም ሲል የወጡት የእንግሊዝ የጭስ ሕጎች የመኖሪያ ቤት ምድጃን አይነኩም ነበር። ከታኅሣሥ 5 እስከ 9 ቀን 1952 ነፋስ ጠፍቶ፣ ከየቤቱና ከየፋብሪካው የወጣው የከሰል ጭስ ከጉም ጋር ተደባልቆ ከተማዋን ሸፈናት። በጊዜው የሟቾች ቁጥር 4,000 ያህል ተገመተ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ወደ 12,000 አደረሱት። በ1956 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ከጭስ ማውጫ ጥቁር ጭስ መልቀቅን ከለከለ፤ የቤት ምድጃ የሚገደብባቸው ክልሎች እንዲቋቋሙም ፈቀደ። «ጥቁር ጭስ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሲተረጉምም ከሪንግልማን ካርድ ሁለት ቁጥር ጋር የሚስተካከል ወይም ከዚያ የባሰ ነው አለ።

ይሁን እንጂ ካርዱ ጉድለት ነበረው። በሌሊት አይሠራም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይን የማያየውን አይለካም። በሎስ አንጀለስ ከ1943 ጀምሮ ሕዝቡን ዓይኑን ያቃጠለው ጭጋግ ከጭስ ማውጫ ብቻ የመጣ አልነበረም። ፕሮፌሰር አሪ ሃገን ስሚት በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳዩት፣ ከመኪናና ከነዳጅ የሚወጡ ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ተለውጠው ኦዞን ይፈጥራሉ። ኦዞን ደግሞ በከተማ አየር ውስጥ በዓይን አይታይም።

ለዚህ የደረሰው ሌላ ዓይን ነው። በ1970ዎቹ ጀርመናውያኑ ዲተር ፔርነርና ኡልሪሽ ፕላት ጠንካራ የመብራት ጨረር በከተማ አየር ውስጥ አሳልፈው ከሩቅ በመሣሪያ መቀበል ጀመሩ። እያንዳንዱ ጋዝ ከብርሃኑ ውስጥ የራሱን የቀለም ክፍል ውጦ ስለሚያስቀር፣ የጎደለው ቀለም የጋዙን ስም፣ የጉድለቱ መጠን ደግሞ ብዛቱን ይናገራል። አየሩን በጠርሙስ መቅዳት ሳያስፈልግ በጨረሩ መንገድ ሁሉ ያለው ይለካል። በዚህ ዘዴ በ1980 በሎስ አንጀለስ አካባቢ የሌሊት አየር ውስጥ ናይትሬት ራዲካል የተባለው ጋዝ መኖሩ ተረጋገጠ። ካርዱ የማይሠራበት ጨለማ ለጨረሩ እንቅፋት አልሆነም።

ከካርዱ መሠራት እስከ ሎንዶን ሕግ 68 ዓመት አልፏል። መለኪያ አቤቱታን ወደ ማስረጃነት ይለውጣል፤ ማስረጃውን ተቀብሎ የሚፈርድ ከሌለ ግን ቁጥሩ መዝገብ ላይ ይቀራል። የሎንዶን ሕዝብ ይህን የተማረው በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቹን ቀብሮ ነው።