ከጅረት ዳር እስከ ላቫጆ፦ የመኪና አጠባ ሥራ በአሰበ ተፈሪ

በያመቱ በምናወጣት በዚህች መጽሔታችን ስለ ከተማችን አመሠራረት፣ ስለ ገበያውና ስለ ቡናው ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኛም ከጽሕፈት ሥራ በጡረታ ከተገለልን ወዲህ ጊዜው ስለ ተገኘ፣ ታሪክ አለው ብሎ ማንም ስላላሰበው ስለ መኪና አጠባ ጥቂት ለመጻፍ ተነሣሥተናል። ነገሩ ዕድራችንንም ይመለከታል፤ እንዴት እንደሚመለከት ወደ ታች እንደርስበታለን።

እንደሚታወቀው የመጀመሪያዪቱ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የጨርጨር ሰው ግን ከመኪና በፊት ያወቀው ባቡርን ነው። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ደርሶ፣ በቆላው በሚኤሶ በኩል አልፎ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሳሉ ከተማችንን አቋቁመው በራስ ተፈሪ ስም አሰበ ተፈሪ አሏት። ከተማይቱ ደጋው ላይ ስለ ሆነች ባቡሩ አልደረሰባትም። ዕድሏ የመኪና መንገድ ሆነ።

ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ሲቆይ ካሚዮኑንም የካሚዮኑንም ቋንቋ አበዛው። ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ የምንላቸው ሁሉ የጣልያን ቃላት ናቸው። ላቫጆም እንደዚሁ፤ እጥበት ማለት ነው። ጠላት ሄደ፣ ቃሉ ቀረልን።

በ1960ዎቹ እኛ ልጆች ሳለን ግን ቃሉ እንጂ ቤቱ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ በኮረኮንች ተጉዞ የሚመጣ ኤን ትሬ ወይም ትሬንታ ኳትሮ እዚህ ያድር ነበር። ሾፌሩ እራት ሊበላ ሲገባ ረዳቱ ሱሪውን ጠቅልሎ መኪናውን ወደ ጅረቱ ዳር ያስጠጋል። እኛም በጣሳና በባልዲ ውሃ እየቀዳን እናቀብላለን፤ እጁ የተፈታ ረዳት ስሙኒ ይሰጠናል፣ ያልተፈታውም በመኪናው ላይ አንድ ዙር ያዞረናል። ያን ጊዜ እጥበት ንግድ ሳይሆን ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል። ረዳት ሻንሲውን ከሥር ገብቶ ሳያጥብ መሪ አይጨብጥም። ለምን ቢባል፣ ጭቃው ሲለቅ ነው የላላው ቡሎንና የሚያፈሰው ዘይት የሚታየው። ዛሬ ስንቱ ሾፌር የመኪናውን ሆድ አይቶ ያውቃል?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ሰፊ ግቢ የነበረው ሁሉ ቀበሌ ሄዶ የሚለምን ሆነ። በ1969 በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የባቡሩ ድልድዮች ሲፈርሱ የምሥራቁ ጭነት በመንገዱ ላይ ወደቀ፤ በአሰበ ተፈሪም ቀን ከሌት የጦር ካሚዮን ይተም ጀመር። ነዳጅ በኩፖን በነበረበት ዘመን ደግሞ ለእጥበት ብሎ ሞተር የሚያስነሣ አልነበረም።

ላቫጆ በግል እየተከፈተ የበዛው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። አይሱዙው መጣ፣ ቅጥቅጡ መጣ፣ ኋላም ባጃጁ። ለአንድ ጎረቤታችን፣ ለእሳቸው ላቫጆ፣ ሒሳቡን በደብተር እንጽፍላቸው ስለ ነበር የሥራውን ውስጥ ጥቂት አውቀነዋል። ከውጭ ሲያዩት መሬት ላይ የሚፈስ ውሃ ወደ ገንዘብ የሚለወጥ ይመስላል። ደብተሩ ግን ሌላ ነው የሚናገረው። ጎማው ክፍት ተትቶ የሚታጠብ አንድ የቤት መኪና አንድ በርሜል፣ ማለትም 200 ሊትር፣ ይጨርሳል፤ የጭነት መኪና ከዚያ በላይ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሆነበት ሰሞን ውሃ በቦቴ ይገዛል። መብራት ሲጠፋ ዲናሞው ይቆማል፤ ልጆቹ ቁጭ ብለው ይውላሉ፣ ኪራዩ ግን ቁጭ አይልም። ዲናሞው ይቃጠላል፣ ጎማው ይቀደዳል፣ ኦሞው ይወደዳል። በዚያ ላይ ሬዲዮዬ ጠፋ የሚል ባለመኪና አለ። በ2009 መጨረሻ ለደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት ወጥቶ በብዙ ከተሞች ጩኸት ሲሆን፣ እሳቸውም ያንን ደብተር ይዘው ደጅ ጠንተዋል።

የሥራው ወራት የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። በታኅሣሥ 19ና በሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚወጣው መኪና ሲሄድ አይቆምም፤ ሲመለስ ነው ላቫጆውን የሚያጣብበው። ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ የሚቀርብ ሁሉ ከሥር መታጠብ አለበት። በክረምት ከበዴሳና ከገለምሶ የሚመጣው ጥቁር ጭቃ በመጥረቢያ ካልሆነ አይለቅም ይባላል፤ ማጋነን ነው፣ ግን ብዙም አይደል። የጫት መኪና ደንበኛ አይደለም፤ እሱ ሰዓት እያባረረው ስለሚሮጥ ቢታጠብም በጉዞ ላይ በዝናብ ነው። የጅቡቲም ቦቴ አብዛኛው ከአዋሽ ወደ ሚሌ ስለሚታጠፍ ለእኛ አይደርሰንም።

ሠራተኞቹ ደመወዝ የላቸውም። ካጠቡት መኪና ድርሻ ይቆረጥላቸዋል፤ መኪና ካልመጣ ድርሻ የለም። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ልጆች ናቸው፣ ማታ አምስት ስድስት ሆነው አንድ ክፍል ያድራሉ። በከተማው ዘመድ የላቸውም፣ ዕድርም የላቸውም።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነዚህ ልጆች አንዱ፣ በነጠላ ጫማ ውሃ ውስጥ ቆሞ በፕላስተር የተቀጠለ የዲናሞ ገመድ ሲያነሣ መብራት ይዞት ሞተ። አባላት ታስታውሳላችሁ። በመተዳደሪያ ደንባችን ላልተመዘገበ ሰው ገንዘብ አይወጣም፤ ኮሚቴውም ደንቡን ጠበቀ። ጓደኞቹ የእለት ድርሻቸውን አዋጡ፣ ባለላቫጆው መኪና ተከራይተው አስከሬኑን ወደ አገሩ ላኩ። እናቱ ከሳምንት በኋላ መጥታ፣ «ልጄ እዚህ ሲሞት ማን አለቀሰለት?» ብላ ስትጠይቅ እኛ በቦታው ነበርን። ሰው ሁሉ ዝም አለ።

ይህ ልጅ እኮ ለእኛ ባዳ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ቧንቧ በደረቀ ጊዜ ሮቶውን ሞልተው በጋሪ ያደረሱልን እሱና ጓደኞቹ ናቸው፤ ድንኳን ሲተከልም ካስማውን የመቱ። ደንብ ይፍረስ አንልም፤ ደንብ ባይኖር ዕድሩም ባልኖረ። ይሁን እንጂ ደንባችን የቤት ባለቤት እንጂ ብቻውን የሚኖር ወጣት ይመዝገብ አይልም፣ አይመዝገብም አይልም። የምናቀርበው ሐሳብ፣ አንድ ክፍል የሚኖሩት ልጆች እንደ አንድ ቤት ተቆጥረው በአንድ ስም መዋጮ እንዲከፍሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ቢሞት ለሬሳው መሸኛ እንዲወጣ ነው። ልጆቹን ጠይቀናል፤ መዋጮውን ከሳምንቱ የመጀመሪያ መኪና ላይ እናስቀምጣለን ብለዋል። ባለላቫጆውም ዲናሞውን ከመሬት አንሥተው ግድግዳ ላይ አስረውታል፣ ኤርዝ የሚሉትን የመሬት ሽቦ አስገብተዋል፣ ቦት ጫማም ገዝተዋል። ጫማው ለጊዜው ሁለት ጥንድ ስለ ሆነ ልጆቹ በተራ ይለብሱታል። ሐሳቡ በጽሑፍ ለኮሚቴው ስለ ገባ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይነበባል።