ስንቅ በኪሎ ሲመዘን

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ታናሽ እህቴ አሜሪካ ነው የምትኖረው። በቅርቡ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። እማዬ ሄዳ ልታርሳት አልቻለችም፤ ቪዛውም ገንዘቡም የለም። ስለዚህ የምትችለውን አደረገች። የገንፎ ዱቄት አስፈጨች፣ በርበሬ ደለዘች፣ ሽሮና በሶ አዘጋጀች፣ ዳቦ ቆሎ ጋገረች፣ ቋንጣም ጨመረች። ሁሉንም አንድ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ከተትን፤ የቀረውን ክፍት ቦታ በጋዜጣ ጠቀጠቅነው።

ካርቶኑን ተሸክሜ ወደ አንድ ዕቃ መላኪያ ድርጅት ሄድኩ። ሚዛን ላይ ሲወጣ 7 ኪሎ ሆነ። ሠራተኛዋ ግን ሜትር አውጥታ ጎኑን ለካችና «የሚከፈለው የ13 ኪሎ ነው» አለችኝ። ዋጋውን ስትነግረኝ ከአንድ ወር ደመወዜ በልጦ አገኘሁት። ካርቶኔን ይዤ ተመለስኩ።

ለእማዬ ስነግራት «ምነው ልጄ፣ የሚወስዱት በርበሬውን ነው ወይስ እኔን?» አለችኝ። እኔም ስቄ ዝም አልኩ። ማታ ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ። እውነት፣ ዋጋው ከምን የመጣ ነው? የታሪክ አስተማሪ ነኝና ወደማውቀው ሄድኩ።

እስቲ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ተመልከቱ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ። እነዚህ እኮ የዘማች ምግቦች ናቸው። ቶሎ አይበላሹም፣ ብዙ ማገዶ አይፈልጉም፣ ለመሸከም ይመቻሉ። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሰው በአብዛኛው ስንቁን ከቤቱ ነበር የሚይዘው። ስንቁን ያዘጋጁት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም አብረው ዘምተው መንገዱን ሁሉ ሲያበስሉና ውኃ ሲያቀርቡ ነበር። ስንቅ የመላክ ወጪ ያኔም ነበር። የሚከፈለው በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጀርባ ነበር እንጂ።

በዚያው ዘመን ፖስታ ቤት ተጀመረ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ወሰኑ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ፤ ሰባት ዓይነት ነበሩ፣ ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ። 16 ግርሽ ማለት ያኔ አንድ ሙሉ ጠገራ ብር ነው። በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሦስቱ ላይ ደግሞ አንበሳው አለ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ጋ አለ። ቴምብሩ ያማረ ቢሆንም ከአገር ውጭ አይሠራም ነበር! ኢትዮጵያ ገና የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ባሕር ለመሻገር የፈረንሳይ ግዛት ቴምብርም ይጨመርበት ነበር። ማለትም ላኪው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ይህ የቀረው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. አገራችን የኅብረቱ አባል ስትሆን ነው። አባልነት የክብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የላኪውን ኪስ የሚነካ ጉዳይ ነበር።

መንገዱም ቀስ በቀስ አጠረ። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። በቅሎ ሳምንታት የሚፈጅበትን መንገድ አውሮፕላን በሰዓታት ጨረሰው። ታዲያ መንገዱ እንዲህ ካጠረ ዋጋው ለምን አልቀነሰም?

አንደኛው መልስ ሠራተኛዋ ያወጣችው ሜትር ነው። አውሮፕላን ውስጥ ክብደት ብቻ ሳይሆን ቦታም ይሸጣል። የግል መላኪያ ድርጅቶች የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲሜትር ያባዙና ብዙ ጊዜ ለ5000 ያካፍሉታል። የእኛ ካርቶን በሁሉም ጎን 40 ሴንቲሜትር ነበር። 40 በ40 በ40 ሲባዛ 64,000፤ ለ5000 ሲካፈል 12.8። ወደ ላይ ሲጠጋ 13 ኪሎ። እኛ ለጋዜጣና ለአየር ነበር ልንከፍል የነበረው! ያንኑ ዕቃ 30 በ30 በ25 የሆነ ካርቶን ውስጥ ጠበቅ አድርጌ ስከተው ስሌቱ 4.5 ሆነ። ያኔ የሚያዘው ትክክለኛው ክብደት፣ 7 ኪሎው ነው። የሒሳብ መምህሮቻችሁ «አንድ ቀን ይጠቅማችኋል» ሲሏችሁ ይህን ማለታቸው ነው።

ሁለተኛው መልስ ዶላር ነው። ጥቅሉ አዲስ አበባ ላይ በብር ይከፈልበት እንጂ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ፣ የበረራውም የማድረሻውም፣ የሚታሰበው በውጭ ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእማዬ ካርቶን አልጨመረም፤ መንገዱ ግን በብር ሲቆጠር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የእኔ ደመወዝ ደግሞ እጥፍ እንዳልሆነ መምህር የሆናችሁ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው መልስ ድንበር ነው። አሜሪካ ከእኛ አገር የሚላክ የበሬ ሥጋ ቋንጣ አታስገባም፤ በከብት በሽታ ምክንያት ነው። ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮም እስከ 800 ዶላር ለሚገመት ዕቃ የነበረው የቀረጥ ነፃ መብት ቀርቷል። እስከ 100 ዶላር የሚገመት ስጦታ ግን ነፃ እንደሆነ ነው። ስለዚህ የጥቅሉን ቅጽ ስትሞሉ በእውነት ስጦታ ከሆነ ስጦታ መሆኑን፣ ውስጡ ያለውንና ግምቱን በትክክል ጻፉ።

ለዚህ ነው ሰዉ የራሱን ፖስታ ቤት የፈጠረው። «ኪሎ ያለው ሰው ታውቃለህ?» የማይባልበት ሰፈር የለም። አንድ ሰው ሊጓዝ መሆኑ ሲሰማ የዘመድ አዝማድ በርበሬ በላስቲክ እየታሰረ ይመጣል። አንዳንዱ ተጓዥ በነፃ ይወስዳል፣ አንዳንዱ ኪሎውን ይሸጣል። አልፈርድበትም። ግን ውስጡን ያላያችሁትን ጥቅል ተቀብላችሁ አትጓዙ፤ በተለይ ወደ ዓረብ አገር የምትሄዱ ልጆቼ፣ አደራ። ሻንጣው ውስጥ ለተገኘው ነገር የሚጠየቀው ባለሻንጣው ነው።

እኛስ ምን አደረግን? ቋንጣው ቀረ። ዳቦ ቆሎውን እማዬ ራሷ አወጣችው፤ «እሱ ለጨዋታ ነው፣ ገንፎው ነው ለአራስ» ብላ። በመጨረሻ 3 ኪሎ ቀረ፦ የገንፎ ዱቄትና በርበሬ። ዘግየት ቢልም ዋጋው ስለቀነሰልን በፖስታ ቤት ላክነው።

ሲደርሳት እህቴ በቪዲዮ ደወለች። ላስቲኩን ፈትታ አፍንጫዋን አስገብታ ቆየች። ምንም አላለችም። እማዬ «በርበሬው አነቃት እንዴ?» አለች። አልነበረም።

ያን ዕለት መላኪያው ውድ ነው ማለቴን አልተውኩም፤ ውድ ነው። የ1888ቱም ስንቅ ርካሽ አልነበረም። ልዩነቱ፣ ያኔ ስንቁን ያዘጋጀችው ሴት አብራው ትሄድ ነበር። ዛሬ ስንቁ ይሄዳል፣ እሷ ደጅ ላይ ትቀራለች።

እናንተስ? ከቤት የተላከላችሁ፣ ወይም የላካችሁት፣ የማትረሱት ነገር ምንድን ነው? ጻፉልኝ፤ ለእማዬ አነብላታለሁ።